ምስልና ስም፤ የራዲዮሎጂ ምስል ማኅደር አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሶፍትዌር ነው። ይህን ስል የታሪክ ትምህርት የምትከታተሉ ተማሪዎች ግር እንደሚላችሁ እገምታለሁ። ሶፍትዌር የታሪክ ተመራማሪን የሚያሳስበው ካረጀና ከተጣለ በኋላ ነው የሚል አስተያየት በመካከላችን አለና። እኔ ግን ማኅደር ባለበት ሁሉ የታሪክ ሰው ሥራ አለው ብዬ አምናለሁ። በየሆስፒታሉ የራጅ፣ የሲቲ ስካን፣ የኤምአርአይና የአልትራሳውንድ ምስሎችን የሚያከማቸው፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያስተላልፈውና በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚያሳየው ሥርዓት ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ፓክስ» ይሉታል። ፓክስ ከማንኛውም ሌላ ስሙ በፊት ማኅደር ነው። ማኅደር ደግሞ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ አንደኛ፣ ይህ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህ የማን ነው?

ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አጭር ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሐኪሞች፣ የፊዚክስ ሊቃውንትና መሐንዲሶች በመቶ ዓመት ድካም አጥጋቢ በሆነ መንገድ መልሰውታል። ሁለተኛውን የመለሱት ግን በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡት ሰዎች ስም፣ ፊደልና አቆጣጠር ነው። እኛ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበርንም። ያለመኖራችን ዋጋ ዛሬም በካርድ ክፍልና በራጅ ክፍል መስኮት ላይ ይከፈላል። ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመን አገር በዉርዝበርግ ከተማ ዓይን የማያየውን ጨረር ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ አነሣ፤ አጥንቶቿና የጣቷ ቀለበት በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ታዩ። ያ ምስል ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ የማን እጅ እንደሆነም እናውቃለን። የምናውቀው ግን ሰው ስለ ነገረንና ስለ ተጻፈ እንጂ ምስሉ ራሱ ስለ ተናገረ አይደለም። አጥንት ስም የለውም። ፊት ያለበትን ፎቶግራፍ ዘመድ አይቶ «ይህ እገሌ ነው» ሊል ይችላል፤ የሳንባን ምስል አይታ ልጇን የምትለይ እናት ግን የለችም። ስለዚህ የሕክምና ምስል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ስሙን ከውጭ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ምስሎች የተቀረጹት በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። መስታወት ይከብዳል፣ ይሰበራል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ከአውሮፓ የሚመጣው አቅርቦት ተቋረጠ። በ1918 ኮዳክ ኩባንያ በሁለቱም ፊቱ የብር ውሑድ የተቀባ ፊልም ለራጅ ሥራ አቀረበ። ፊልሙ ቀላልና ተጣጣፊ ነበር፤ የተሠራበት ናይትሮሴሉሎስ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነበር። ሜይ 15 ቀን 1929 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ምድር ቤት የተከማቸ የራጅ ፊልም ተቃጠለና የወጣው መርዛም ጋዝ ከ120 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ እሳትን የሚቋቋም ፊልም በየቦታው ተተካ። ይህን የምጠቅሰው ለአንድ ነገር ነው፤ የምስል ማኅደር አያያዝ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው ከኮምፒውተር በፊት ነው።

ፊልም ለብዙ አሥርት ዓመታት ነገሠ። ስሙ በፊልሙ ጥግ ላይ ይታተም ወይም በእጅ ይጻፍ ነበር። አንድ ፊልም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ ቀዶ ሐኪሙ ከወሰደው ራዲዮሎጂስቱ አያየውም። መጋዘን ይሞላል፣ ፖስታ ይቀያየራል፣ የተዋሰ ሰው አይመልስም። በእኛ አገር ይህ ችግር ሌላ መፍትሔ ነበረው። ከጣሊያንኛ በወረስነው ቃል «ራጅ» የምንለውን ምስል በሽተኛው ራሱ በትልቅ ፖስታ ይዞ ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲዞር ሁላችንም አይተናል፤ ቤቱ ሲገባም ከአልጋው ሥር ወይም ከቁም ሣጥኑ በላይ ያኖረዋል። በዚህ አሠራር ማኅደሩ በሽተኛው ነበር ማለት ይቻላል። ፊልሙ ሊቧጨር ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም፤ ባለቤቱ በእጁ ይዞታልና። ምስሉ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ያ የእጅ ማስረጃ አብሮ ቀረ።

ወደ ኮምፒውተር የገባበትን መንገድ እንመልከት። ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን ዊምብልደን በሚገኘው በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የአንዲት ሴት አንጎል በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ አዲስ መሣሪያ ተነሣ። ሃውንስፊልድ የኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። የስሌቱን መሠረት ከእርሱ ተለይቶ አስቀድሞ የሠራው አለን ኮርማክ ደግሞ በጆሃንስበርግ የተወለደ፣ ጥያቄውን በኬፕታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ የጀመረ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ሁለቱ በ1979 የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የሲቲ ስካን ምስል ከፊልም የሚለየው በጥራቱ ብቻ አይደለም፤ ምስሉ በመሠረቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች 80 በ80፣ በድምሩ 6400 ነጥቦች ነበሯቸው። በኋላ የተለመደው 512 በ512 ሲሆን፣ አንዱ ንጣፍ ብቻ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ዛሬ አንድ ምርመራ ብዙ መቶ ንጣፎች ሊኖሩት ይችላል።

እያንዳንዱ ነጥብ በሃውንስፊልድ ስም የሚጠራ ዋጋ አለው፤ ውሃ 0፣ አየር 1000 ከዜሮ በታች፣ ጠንካራ አጥንት 1000ና ከዚያ በላይ። የሰው ዓይን ይህን ሁሉ የግራጫ ደረጃ በአንድ ጊዜ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ የምስል ማሳያው ሶፍትዌር ባለሙያዎች «መስኮት» የሚሉት ዘዴ አለው፤ ከቁጥሮቹ የተወሰነውን ክልል መርጦ እርሱን ብቻ ከጥቁር እስከ ነጭ ይዘረጋዋል። በሳንባ መስኮት ሲታይ የሳንባው ሥር ሁሉ ይነበባል፤ ያው ንጣፍ፣ ያው ቁጥር፣ ወደ አጥንት መስኮት ሲዞር ሳንባው ጨለማ ሆኖ የጎድን አጥንቱ ስንጥቅ ይወጣል። የሕክምና ምስል ሶፍትዌርን ከተራ የፎቶግራፍ ማሳያ የሚለየው አንዱ ይህ ነው። አንዱ ምስል የብዙ ጥያቄዎች መልስ ሆነ። «ይህ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ አጥጋቢ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው።

ነገር ግን እያንዳንዱ አምራች ቁጥሮቹን በራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። የአንዱን ኩባንያ ምስል የሌላው ኮምፒውተር አያነበውም፤ የባቢሎን ግንብ ታሪክ በሆስፒታል ውስጥ ተደገመ። ከቁጥር የተሠራው ምስል ሁሉም ያነበው ዘንድ ተመልሶ በፊልም ላይ ይቀረጽ ነበር። በጃንዋሪ 1982 በካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች ስለ ምስል ማከማቻና ማስተላለፊያ ሥርዓት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። በ1983 የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና «ኔማ» የተባለው የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጥምረቱን ልብ በሉ፤ ገዢና ሻጭ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ስምምነታቸው በ1985፣ ሁለተኛው በ1988 ወጣ። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎችን 50 መርፌ ባለው ማያያዣ ፊት ለፊት የሚያገናኙ ነበሩ። በ1993 የወጣው ሦስተኛው እትም ግን በኮምፒውተር መረብ ላይ የሚሠራ ሆኖ «ዳይኮም» የሚለውን ስም ያዘ። በዚያው ዓመት በባልቲሞር የተከፈተው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ያለ ፊልም መሥራት ጀመረ፤ በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታልም በዚያው አሥርት ዓመት ተከተለ።

የዳይኮም ትልቁ ብልሃት ምስሉንና መግለጫውን በአንድ ፋይል ማሰሩ ነው። በብራና መጻሕፍታችን የባለቤቱ ስም በመጽሐፉ ውስጥ እንደሚጻፍ፣ በዳይኮም ፋይልም የበሽተኛው ማንነት ከምስሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። እያንዳንዱ መረጃ የተወሰነ ቁጥር አለው፤ 0010,0010 የበሽተኛው ስም፣ 0010,0020 መለያ ቁጥሩ፣ 0010,0030 የልደት ቀኑ ነው። አንድ በሽተኛ አዲስ አበባ የተነሣውን ምስል በሲዲ ይዞ ዴልሂ፣ ባንኮክ ወይም ዋሽንግተን ቢሄድ የዚያ አገር ኮምፒውተር ይከፍትለታል። ስምምነቱ ለማንም ክፍት በመሆኑም ነጻ ሶፍትዌሮች ተሠሩ። በጀርመን ኦልደንቡርግ የተዘጋጀው የፕሮግራም ስብስብ፣ በ2004 የወጣው ኦሲሪክስ፣ በቤልጅየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሴባስቲያን ዦዶኝ በ2012 ያወጣው ኦርታንክ የሚጠቀሱ ናቸው። ኦርታንክ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሊተከል የሚችል የምስል ማኅደር ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ሆስፒታል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ብራናው ላይ የሚጻፈው ስም ግን የማን ዓይነት ስም ነው? እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደረስን።

ዳይኮም የሰውን ስም በአምስት ክፍል ይከፍለዋል፤ የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ የመካከል ስም፣ ከስም በፊት የሚገባ ማዕረግና ከስም በኋላ የሚገባ ቅጥያ። የቤተሰብ ስም መጀመሪያ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለን፣ ቀጥሎ የአባታችን፣ ቀጥሎ የአያታችን። አንዱ ባለሙያ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ከፊት ያስገባል፤ ሁለተኛው የሰውየውን ስም በምንጠራበት ተራ ከፊት ያስገባል፤ ሦስተኛው ሁሉንም በአንድ ሳጥን ይጽፋል። ሦስቱም ሥራቸውን በቅንነት ሠርተዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰዎች ተፈጠሩ። እንደ ገብረ ማርያምና ወልደ ጊዮርጊስ ያሉ ጥንድ ስሞች ሲመጡ ነገሩ ይብሳል፤ ግማሹ ስም በአንዱ ሳጥን፣ ግማሹ በሌላው ይወድቃል።

ፊደሉም አለ። የዳይኮም መነሻ ፊደል የላቲን ነው። «ጸሐይ» የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ በ«ቲ-ኤስ»፣ በ«ኤስ» ወይም በ«ቲ-ዜድ» ሊጀመር ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዳይኮምም በኋላ ዩኒኮድን ተቀበለ፤ ስለዚህ በሕጉ ደረጃ ስማችንን በፊደላችን መጻፍ አይከለከልም። ይሁን እንጂ ፊደላችን ብቻውን አያድነንም። «ጸሐይ»፣ «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ» ብለን የምንጽፈው እኛው ነን፤ «ኃይሌ»ና «ሀይሌ»ን ጆሮ አይለያቸውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ዳይኮም የልደት ቀንን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጠብቃል፤ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው ወሩን 13 ብሎ ቢያስመዘግብ ሕጉ እንዲህ ያለ ወር አያውቅም። ጳጉሜን ያልሆነው ቀን ደግሞ ሳይቀየር ቢገባ ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ በሽተኛውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል።

ይህ የጽሕፈት ጣጣ ብቻ አይደለም። የራዲዮሎጂስት ሥራ ግማሹ ማነጻጸር ነው። ጸሐይ ገብረ ማርያም የተባለች እናት ዛሬ በሲቲ ስካን ሳንባዋ ላይ ትንሽ እብጠት ታየ እንበል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዐምና ነበረ ወይ?» ብሎ ነው። ዐምናም በዚሁ መጠን ከነበረ አንድ ነገር ነው፤ ዐምና ካልነበረ ወይም ካደገ ሌላ ነገር ነው። የዐምናው ምስል በዚያው ሆስፒታል ማኅደር ውስጥ በሌላ ተራና በሌላ ሆሄ ተቀምጦ ሳለ ሶፍትዌሩ «ምንም ቀዳሚ ምስል የለም» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ በተማረው መሠረት መለሰ። በሽተኛዋ ግን ያላስፈላጊ ድጋሚ ጨረር፣ ያላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ወይም ከዚህ የከፋው መዘግየት ሊያገኛት ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ በአባታቸው ስም የተመዘገቡ ሁለት እኅትማማቾች እንደ አንድ ሰው ሊታዩ ይችላሉ።

ይህ ዕጣ የማይለወጥ አለመሆኑን የዳይኮም ታሪክ ራሱ ያሳየናል። ዳይኮም አንድን ስም በሦስት መልክ ጎን ለጎን እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ በፊደል፣ በሥዕላዊ ጽሕፈትና በድምፅ። ሦስቱ መልኮች ለጃፓንኛና ለመሰሎቹ የሚስማሙ ናቸው፤ ጃፓናዊ ስሙን በላቲን፣ በካንጂና በካና ያስመዘግባል። ይህ ቦታ ከሰማይ አልወረደም። የጃፓን አምራቾችና ሐኪሞች መጥተው ስማችን እንዲህ ነው ስላሉ ተሰጠ። እኛም በራሳችን ቤት የተሳካ ምሳሌ አለን። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ደራሲን በአባቱ ስም ሲደረድሩ ኖረዋል፤ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ግን ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በራሱ ስም ይጠቀስ የሚል ልማድ አጽንተው፣ ዛሬ ብዙ የመስኩ መጽሔቶች ያከብሩታል። የጥቅስ ሥርዓትን ያስተካከለ የምሁራን ማኅበረሰብ የራጅ ክፍልን መዝገብ ለማስተካከል የሚያንስ አይመስለኝም።

«ፋይዳ ቁጥር ከመጣ ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አገር አቀፍ መለያ ቁጥር ብዙ ያግዛል፤ ዳይኮምም ለእንዲህ ያለ ቁጥር ቦታ አለው። ነገር ግን ራሱን ስቶ በአምቡላንስ የመጣ ሰው ቁጥሩን አይነግረንም፤ ከቁጥሩ በፊት የተነሡ ምስሎችም በስም ብቻ ተቀምጠዋል። በመጠበቂያው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሴት ባለሙያው የሚጠራትም በስሟ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ማንነትን ከምስል ጋር አጥብቀን ባሠርን ቁጥር ምስሉ ሲያፈተልክ ማንነቱም አብሮ ያፈተልካል። በ2019 ግሪንቦን የተባለ የጀርመን ኩባንያ ባደረገው ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች ጥበቃ ያልተደረገላቸው የምስል ማኅደሮች ከ24 ሚሊዮን በላይ የበሽተኛ መዝገቦችን በበይነ መረብ ላይ ለማንም ክፍት አድርገው ተገኝተዋል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ እንግዲህ ለራዲዮሎጂ ክፍልም የተጻፈ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለሆስፒታሎች ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ፣ ጥንድ ስም እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመዘገብ አንድ አገር አቀፍ ደንብ ይውጣ። የትኛው ምርጫ እንደሚሻል ሊያከራክር ይችላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነው፤ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ስም የሚፈልግ፣ የላቲኑንም አጻጻፍ የሚያገናኝ ፕሮግራም በነጻ ሶፍትዌሮቹ ላይ መጨመር ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለሆስፒታል ደግሞ ከመመረቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ሥራ ነው። ሦስተኛው ለእኛ ለመምህራን ነው። ዳይኮም የተዘጋ መጽሐፍ አይደለም፤ በየጊዜው ይታደሳል፤ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብም ለማንም የተፈቀደ ነው። የእኛ ስም አወጣጥ እንዴት እንደሆነ፣ በስም ሳጥኖቹ ላይ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያስረዳ አንድ ሰነድ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ቢላክ የሚያነበው ኮሚቴ አለ።

በ1983 ገዢና ሻጭ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ሦስተኛ ወንበር አልጠየቅንም፤ ያን ጊዜ ምክንያት ነበረን። ዛሬ ግን መሣሪያዎቹ በአገራችን አሉ፤ ምስሎቹም በየቀኑ እየተከማቹ ነው። ደንቡ በዘገየ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታረመው መዝገብ ይበዛል። የታሪክ ሰዎች የተበላሸ ማኅደርን ማቃናት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚፈጅ እናውቃለንና፣ ይህን ማኅደር ገና ወጣት ሳለ እንድንይዘው አደራ እላለሁ።